ቪክቶር ኮርችኖይ፦ አገሩን ጥሎ ቼዙን ያልጣለ ሰው

ጥቁር ፈረስ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ስለ ካስፓሮቭና ስለ ካርልሰን ብዙ ተወርቷል። ስለ ቪክቶር ኮርችኖይ ግን አንድም ክር አላገኘሁም፤ ቅር ብሎኛል። ከአገሩ ወጥቶ ለሚኖር ቼዝ ወዳድ ከእሱ የበለጠ የሚቀርብ ተጫዋች አላውቅም። ስለዚህ እኔ ልጀምረው፣ እናንተ ጨምሩበት። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

ኮርችኖይ በ1931 ሌኒንግራድ ተወለደ። ቼዝ ያስተማሩት አባቱ ናቸው። አሥር ዓመት ሲሆነው ጦርነቱ መጣ። አባቱ በዚያው ዓመት ላዶጋ ሐይቅ ላይ ሞቱ። ከተማዋ በጀርመን ጦር ተከበበች፤ ከበባው 872 ቀን ቆየ። በ1941 ክረምት ለአንድ ልጅ በቀን የሚደርሰው ዳቦ 125 ግራም ድረስ ወርዶ ነበር። ዘመዶቹ በረሃብ አለቁ። እሱ የተረፈው በሟቾቹ የራሽን ካርድ ጭምር እንደሆነ ካደገ በኋላ ራሱ ተናግሯል። ያሳደጉት እንጀራ እናቱ ናቸው።

በ1943፣ ከበባው ገና ሳያልቅ፣ የከተማው ልጆች የሚማሩበት የቼዝ ክበብ ገባ። አሠልጣኙ ቭላዲሚር ዛክ ይባላል፤ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን ስፓስኪንም ያወጣው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ኮርችኖይ ሰባ ዓመት ገደማ ከሰሌዳው አልተለየም።

በ1956 ግራንድማስተር ሆነ፤ ከፍተኛው የቼዝ ማዕረግ ነው። የሶቪየት ኅብረት ሻምፒዮናን አራት ጊዜ አሸነፈ። ያ ሻምፒዮና በዚያን ጊዜ ከብዙ ዓለም አቀፍ ውድድር ይከብድ ነበር። በ1974 ሞስኮ ላይ፣ የዓለም ሻምፒዮኑን ፊሸርን የሚገጥመውን ለመለየት፣ ከወጣቱ ካርፖቭ ጋር ገጠመ። 24 ጨዋታ ተጫወቱ፤ 19ኙ አቻ ወጣ፣ ካርፖቭ 3 ለ 2 አሸነፈ። በ1975 ፊሸር ዘውዱን ለመከላከል ስላልቀረበ፣ ያ ግጥሚያ የዓለም ሻምፒዮና ሆኖ ቀረ ማለት ይቻላል። የአገሪቱ የስፖርት አለቆች የሚደግፉት ካርፖቭን ነበር። ኮርችኖይ ይህን ለአንድ የዩጎዝላቪያ ጋዜጣ ደፍሮ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ወደ ውጭ ወጥቶ መጫወት ተከለከለ። ለባለሙያ ተጫዋች ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አርባዎቹን ጀምሯል፤ ሰዓቱ እየሄደበት ነው።

በ1976 ወደ አምስተርዳም እንዲሄድ ተፈቀደለት። ውድድሩን ከእንግሊዙ ቶኒ ማይልስ ጋር እኩል አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። «ፖለቲካዊ ጥገኝነት» በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጻፍ ማይልስን ጠየቀው ይባላል። ከዚያ ቀጥ ብሎ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። 45 ዓመቱ ነበር።

እኔን የያዘኝ ነገር ይህ ነው። ብዙ ሰው የወጣው ለፖለቲካ ይመስለዋል። እሱ ግን የወጣሁት ቼዝ ለመጫወት ነው ሲል ኖሯል። እኔም አምነዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የኖረውን ኑሮ ያየ ሰው ያምነዋል። ብዙዎቻችን ስንሰደድ መጀመሪያ የምንጥለው የምንወደውን ነገር ነው። ሥራው፣ ወረቀቱ፣ የቤት ኪራዩ ይቀድማል። እሱ ሁሉንም ትቶ የያዘው ያንን ነገር ብቻ ነው። እናንተስ እንዴት ታዩታላችሁ?

---

የጉለሌው

ወንድሜ ጥቁር ፈረስ፣ አጻጻፍህ ደስ ይላል። ግን «ሁሉንም ትቶ» ያልከው ላይ ቆም በል። ከተዋቸው ውስጥ ሚስቱ ቤላና ልጁ ኢጎር አሉ። ሌኒንግራድ ቀሩ። ልጁ እንዳይወጣ ተከለከለ። ውትድርና ሸሸህ ተብሎ ሁለት ዓመት ተኩል ተፈረደበት። በ1981 አባትየው ጣሊያን ሜራኖ ላይ ለዓለም ዘውድ ሲጫወት ልጁ የጉልበት ሥራ ካምፕ ውስጥ ነበር። እናትና ልጅ የወጡት በ1982 ነው። ከዚያም ትዳሩ ፈረሰ።

እኔም ልጆቼን አገር ቤት ትቼ የወጣሁ አባት ነኝ። ስለዚህ የምናገረው ለመፍረድ አይደለም። ይህ ክፍል ሲዘለል ግን ታሪኩ ውሸት ይሆናል። ዋጋውን የከፈለው እሱ ብቻ አይደለም።

---

ጥቁር ፈረስ

ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ መነሳት ያለበት ነገር ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሜራኖ ላይ በካርፖቭ 6 ለ 2 ተሸነፈ፤ አሥሩ አቻ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ፊሊፒንስ ባጊዮ ላይ ለዓለም ዘውድ ሲጫወቱ ካርፖቭን አፋፍ ያደረሰው ሰው ሜራኖ ላይ ያ ሰው አልነበረም። ዕድሜውም ሃምሳ ደርሷል፤ ያ አንዱ ምክንያት ነው። ልጁ ካምፕ ያለ አባት ግን አምስት ሰዓት አንድ ሰሌዳ ላይ አተኩሮ መቀመጥ ይችላል ብዬ አላስብም። ውጤቱን ሳይ ሁልጊዜ ኢጎር ነው ትዝ የሚለኝ።

---

ንግሥት ዲ8

ከአቡዳቢ ነኝ። የምሠራው ሰው ቤት ነው። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሊቼስ በሚባለው የኢንተርኔት ቼዝ ላይ የ10 ደቂቃ ጨዋታ እጫወታለሁ። ጥቁር ሲደርሰኝ የምይዘው የፈረንሳይ መከላከያን ነው። ያንን የተማርኩት ከኮርችኖይ ጨዋታዎች ነው፤ ስለዚህ ስለ አጨዋወቱ ልጻፍ። እናንተ ስለ ኑሮው ብቻ ነው የምታወሩት።

ብዙ ሰው በፈረንሳይ መከላከያ ይታፈናል። ነጭ መሐሉን ይይዛል፣ ያንተ ጳጳስ በራስህ ወታደሮች ተዘግቶ ይቀመጣል። ኮርችኖይ መታፈኑን አይፈራም። ይጠብቃል። ነጭ ብዙ ሲዘረጋ ከሥሩ ወታደሩን ይነካዋል። ደግሞ ወታደር ሲሰጡት ይበላል። ሌላው ተጫዋች «ይህን ብበላ ጥቃት ይመጣብኛል» ብሎ ይተዋል። እሱ ይበላና «ና አጥቃ» ይላል። ከዚያ ሠላሳ እንቅስቃሴ ይከላከላል። በመጨረሻ የበላው ወታደር ያሸንፍለታል።

አንዳንዶች ይህን ከልጅነቱ ረሃብ ጋር ያገናኙታል። እኔ አልወደውም። ሰውየው በቀን ስንት ሰዓት እያጠና ያመጣውን ችሎታ ለረሃብ መስጠት ተገቢ አይመስለኝም። ከተከበበችው ከተማ የተረፉ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ኮርችኖይ የሆነው አንዱ ነው።

---

ዱፖንት ሰርክል

እህቴ፣ አፍሽ ቁርጥ ይበልልኝ! በተለይ የመጨረሻው።

ባጊዮን ማንም በደንብ ስላላነሳው እኔ ልግባበት። 1978፣ ፊሊፒንስ። ሕጉ መጀመሪያ ስድስት ጨዋታ ያሸነፈ ሻምፒዮን ይሆናል የሚል ነበር። አቻ አይቆጠርም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ተጫወቱ። ኮርችኖይ እዚያ ለመድረስ ፔትሮስያንን፣ ፖሉጋየቭስኪንና ስፓስኪን በተራ አሸንፏል። ሦስቱም የሶቪየት ሰዎች ናቸው። አገሩ ልታስቆመው የላከቻቸውን ሁሉ አልፎ መጣ።

ከቼዙ ውጪ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል። ለካርፖቭ በጨዋታ መሐል እርጎ ተላከለት፤ የኮርችኖይ ወገን ምልክት ሊሆን ይችላል ብሎ ተቃወመ። የሶቪየቱ ቡድን ዙካር የሚባል የሥነ ልቦና ሰው ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ ኮርችኖይ ላይ እንዲያፈጥ አደረገ። ኮርችኖይ መስታወት የሚመስል መነጽር አደረገ። ጋዜጠኞች ይህን ይወዱታል። እኔን ግን የሚያሳዝነኝ የባንዲራው ነገር ነው። የሚኖርባትን የስዊዘርላንድን ባንዲራ ጠረጴዛው ላይ ለማድረግ ጠየቀ፤ ዜጋ ስላልሆነ ተከለከለ። ለዓለም ዘውድ የሚጫወት ሰው፣ አገር የለህም ተብሎ። ወረቀት ጠብቆ የሚያውቅ ሁሉ ይህ ይገባዋል።

አሁን 17ኛውን ጨዋታ እዩልኝ። ኮርችኖይ ነጭ ነው። ሲያሸንፍ ቆይቶ ሰዓቱ አለቀበት። በ39ኛው እንቅስቃሴ ሩኩን ወደ ኤ1 መለሰ። ካርፖቭ ፈረሱን ኤፍ3 ላይ አሳርፎ ቼክ አለው። ያን ፈረስ በወታደር ብትበላው የጥቁር ሩክ ጂ6 ላይ መጥቶ ቼክ ይላል፤ ንጉሡ ወደ ኤች1 ይሸሻል፤ ሁለተኛው ፈረስ ኤፍ2 ላይ ወርዶ ማት ያደርገዋል። ባትበላውም ያው ሁለተኛው ፈረስ ኤፍ2 ላይ ማት ነው። ኮርችኖይ እጁን ሰጠ። ጂ2 ላይ ያለውን ወታደር አንድ እርምጃ ቢገፋው ይህ ሁሉ የለም። አምስተኛው ጨዋታ ደግሞ አለ፤ 124 እንቅስቃሴ ተጫውተው በስቴልሜት፣ ማለትም ንጉሡ ቼክ ሳይባል ባለ ተራው መንቀሳቀሻ አጥቶ፣ አቻ ወጣ። እሱንም በመሐል ሰዓት ሲያጥረው ማቱ አምልጦት ነው።

ከ27ኛው ጨዋታ በኋላ ካርፖቭ 5 ለ 2 መራ። አንድ ብቻ ቀረው። ሰው ሁሉ ሻንጣ መሸከፍ ጀመረ። ከዚያ ኮርችኖይ 28ኛውን አሸነፈ። 29ኛውን አሸነፈ። 31ኛውን አሸነፈ። 5 ለ 5! 47 ዓመቱ ነው፣ ተጋጣሚው 27። 32ኛውን ካርፖቭ አሸነፈና አለቀ።

እኔ እዚህ ዋሽንግተን ዱፖንት ሰርክል ፓርክ የድንጋይ ጠረጴዛዎቹ ላይ ነው የምጫወተው። እኛም አበሾች አለን እዚያ። 5 ለ 2 የሚለውን የሚያውቅ ሰው በመጥፎ ሁኔታ ላይ እያለ ቶሎ እጅ አይሰጥም።

---

እሙ ናሆም

ሰላም ናችሁ። እኔ ቼዝ አልችልም። ልጄ ትምህርት ቤት ክበብ ገብቶ ቤቱን በሙሉ ሰሌዳ አድርጎታል፤ ለዚያ ነው እዚህ የምገባው። አንድ ጥያቄ አለኝ። አገር የለህም ተብሎ፣ ልጁ ታስሮ፣ ሁለቴ ተሸንፎ፣ ይህ ሰው ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ምሬት አልገደለውም?

---

ጥቁር ፈረስ

እሙዬ፣ ጥያቄሽ የክሩ ዋና ነገር ነው። እስኪ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ምሬቱ ነበረ። ካርፖቭን ለረጅም ዘመን አልወደደውም፤ ሰሌዳ ላይ ሲሸነፍ ለተጋጣሚው ደግ ቃል የሚናገር ሰውም አልነበረም። የሶቪየት ተጫዋቾች እሱ ባለበት ውድድር አንሳተፍም ሲሉ ዓመታት አለፉ። አዘጋጆች ወይ እሱን ወይ እነሱን መምረጥ ነበረባቸው፤ ብዙዎቹ እነሱን መረጡ። ከሜራኖ በኋላ በ1983 ከወጣቱ ካስፓሮቭ ጋር ፓሳዴና ላይ እንዲጫወት ተመደበ። ሶቪየቶች እዚያ አንሄድም ብለው ቀሩ፤ በሕጉ መሠረት አሸናፊው ኮርችኖይ ሆነ። እሱ ግን ለንደን ላይ እንደገና ሊጫወት ተስማማ። ተሸነፈም። ያለ ጨዋታ የተሰጠውን ድል ይዞ መቀመጥ ይችል ነበር። አልተቀመጠም። ስለዚህ ሰው አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ ብትይኝ ይህን ነው የምነግርሽ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ በቃኝ አላለም። ቮለን በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ ኖረ። ዜግነት አገኘ። ፔትራ ሌወሪክን አገባ፤ እሷም በወጣትነቷ ዓመታት ቮርኩታ በሚባለው የሶቪየት የግዞት ካምፕ ታስራ የነበረች ሴት ናት። ለስዊዘርላንድ በቼዝ ኦሊምፒያድ በአንደኛ ሰሌዳ ተጫወተ። ሞስኮ በ1990 ዜግነቱን ስትመልስለት ተመልሶ አልኖረም፤ ለውድድር ግን ሄዷል።

በ75 ዓመቱ፣ በ2006፣ የአረጋውያን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በጥር 2007 የዓለም ደረጃ ዝርዝር ላይ 85ኛ ነበር። በዚያ ዕድሜ መቶዎቹ ውስጥ የገባ ሰው ከእሱ በቀር የለም። በ2009 የስዊዘርላንድ ሻምፒዮን፣ በ2011 በ80 ዓመቱ እንደገና ሻምፒዮን። በዚያው 2011 መጀመሪያ ላይ ጅብራልታር ላይ ጥቁር ይዞ ፋቢያኖ ካሩዋናን አሸነፈ። ካሩዋና ያኔ 18 ዓመቱ ነው፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ለዓለም ዘውድ ከካርልሰን ጋር የተጫወተው እሱ ነው።

በ2012 መጨረሻ ስትሮክ መታው። በ2015 ዙሪክ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር መጥቶ ከጀርመኑ ኡልማን ጋር ፈጣን ጨዋታ ተጫወተ። ኡልማንም ሰማንያ ሊሞላው ነው። ሁለቱም ወጣት እያሉ የፈረንሳይ መከላከያ ሰዎች ነበሩ፣ ንግሥት ዲ8 ደስ ይበልሽ። በሰኔ 2016 በ85 ዓመቱ አረፈ።

እና ምሬት አልገደለውም እሙዬ። እኔ እንደማየው ምሬቱን የሚያኖርበት ቦታ ነበረው። ጠዋት ተነስቶ የሚያጠናው ጨዋታ ነበረው።

---

የጉለሌው

የ1983ቱን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ። ያ ሰው አከብረዋለሁ።

---

ወታደር አይቆምም

ኮርችኖይ ወድዶ ነው የወጣው። ሳይወድድ የቀረውንም አንርሳ። ሚጌል ናይዶርፍ የፖላንድ አይሁዳዊ ነው። በ1939 ለአገሩ ሊጫወት በመርከብ ቦነስ አይረስ ሄደ፣ ለቼዝ ኦሊምፒያድ። ውድድሩ መሐል ላይ እያለ ጀርመን ፖላንድን ወረረች። ቡድኑ ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ ሰሌዳ ላይ የነበረው ታርታኮወር ሊዋጋ ወደ አውሮፓ ተመለሰ። ናይዶርፍ ቀረ። ሚስቱ፣ ልጁ፣ ወላጆቹ፣ ወንድሞቹ ፖላንድ ነበሩ። ሁሉም አለቁ።

በዚያ ጊዜ ስለ እነሱ ምንም አያውቅም። ምን አደረገ? በ1943 አርጀንቲና ሮዛሪዮ ላይ ዓይኑን ሸፍኖ ከ40 ሰው ጋር በአንድ ጊዜ ተጫወተ። በ1947 ብራዚል ሳኦ ፓውሎ ላይ ከ45 ሰሌዳ ጋር። 39 አሸነፈ፣ 4 አቻ ወጣ፣ 2 ተሸነፈ። ወደ ሃያ አራት ሰዓት ገደማ ፈጀ። ለዝና የተደረገ ይመስላል። እሱ ግን ምክንያቱን ነግሯል። ወሬው ትልቅ ከሆነ የአውሮፓ ጋዜጦች ያወጡታል፤ ከቤተሰቡ የተረፈ ሰው ካለ አንብቦ ያገኘኛል ብሎ ነው።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ወጣሁ። በ1991 ቤተሰቤ ተለያይቶ፣ ሬዲዮ ላይ የጠፋ ሰው ማፈላለጊያ ስንሰማ ያደግን ሰዎች ነን እኮ። ናይዶርፍ ሬዲዮ አልነበረውም። 45 ሰሌዳ ነበረው።

በኋላ የኢንሹራንስ ሻጭ ሆኖ ሀብታም ሆነ፣ አዲስ ቤተሰብ መሠረተ። በሲሲሊያን መከላከያ ውስጥ ጥቁር ዳር ያለውን ወታደር ወደ ኤ6 የሚገፋበት መንገድ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ፊሸርም ካስፓሮቭም ኑሯቸውን የሠሩበት መንገድ ነው። እስከ እርጅናው ድረስ ሲጫወት ኖሮ በ1997 ሞተ።

---

እሙ ናሆም

አስለቀስከኝ።

---

ንግሥት ዲ8

እኔም። ከነገ ጀምሮ ናይዶርፍን እማራለሁ፤ ፈረንሳይን ግን አልተውም።

ላስከርንም ጨምሩ። ዓለምን 27 ዓመት የገዛ ጀርመናዊ ሻምፒዮን። ናዚዎች ሲመጡ ንብረቱን ወስደውበት ተሰደደ። ተጫውቶ ካቆመ ዓመታት አልፈው ነበር። ለእንጀራ ሲል ተመለሰ። በ1935 ሞስኮ ላይ በ66 ዓመቱ ሦስተኛ ወጣ፣ ካፓብላንካን በልጦ። ኒውዮርክ ላይ በ1941 ሞተ። ጡረታ የወጣበት ሙያ ስደት ሲመጣ አበላው።

---

አዲስ ገቢ

ሰላም፣ ሚኒያፖሊስ ነኝ። ለረጅም ጊዜ ሳነብ ነበር፣ መጻፌ ገና ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ዶርም ውስጥ ሌሊት ሙሉ እንጫወት ነበር። አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ቼዝ ነክቼ አላውቅም። ሁለት ሥራ ነው የምሠራው። አሁን 52 ዓመቴ ነው። ይህን ክር አንብቤ እጄን በላኝ። ግን ከየት ይጀመራል? ስልክ ላይ ስሞክር ልጆች በሦስት ደቂቃ ጨዋታ ይጨርሱኛል።

---

ዱፖንት ሰርክል

ወንድሜ፣ እንኳን ተመለስክ። ሦስት ደቂቃውን ተወው፤ ያ የጣት ፍጥነት ነው። የ15 ደቂቃ፣ ከተቻለ የ30 ደቂቃ ተጫወት። በሳምንት ሁለት ይበቃል። ከእያንዳንዱ በኋላ ኮምፒውተሩን ሳትጠይቅ የተሸነፍክበትን ቦታ ራስህ ፈልግ። እንቆቅልሽ በየቀኑ አምስት ሥራ፣ አውቶቡስ ላይም ይሆናል። መክፈቻ ብዙ አታጥና። ሰሌዳው ላይ ጥቂት ሲቀር ያለውን የመጨረሻ ጨዋታ አጥና፣ በተለይ የሩክ። በእኛ ዕድሜ ትዝታ ይደክማል፤ የሩክ መጨረሻ ግን አንዴ ከገባህ አይጠፋም። ኮርችኖይ 31ኛውን ጨዋታ ያሸነፈው በሩክ መጨረሻ ነው።

ከተማህ ውስጥ ደግሞ የቼዝ ክበብ ፈልግ። ሰው ፊት መቀመጥ ሌላ ነው።

---

የጉለሌው

እኔም ከአዲስ ገቢ ጋር እጀምራለሁ። ሳልጫወት የቆየሁት ከእሱ ይበልጣል። ልጄ አዲስ አበባ ነው፣ 16 ዓመቱ። ሊቼስ ላይ አካውንት ክፈት አልኩት ዛሬ። እሁድ እሁድ እንጫወታለን ተባብለናል። እስካሁን ስልክ ስንደዋወል «ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ» ብለን ነበር የምንጨርሰው።

---

ጥቁር ፈረስ

ጋሼ፣ ይህ ክር ለዚህ ብቻ ቢከፈትም ይበቃኛል።

በሉ እንዲህ እናድርግ። ቅዳሜ ማታ በዋሽንግተን ሰዓት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የባጊዮን 31ኛ ጨዋታ እንቅስቃሴ በእንቅስቃሴ እለጥፋለሁ። ለአቡዳቢ ንጋት ላይ ስለሚሆን ንግሥት ዲ8 ከሥራ በፊት ታየው። ከ20ኛው እንቅስቃሴ በኋላ አቆምና እናንተ ነጭ ሆናችሁ ምን እንደምትጫወቱ ትጽፋላችሁ። ኮምፒውተር መጠየቅ የለም። እሙ ናሆም፣ ናሆምን አስቀምጪልን፤ የእሱን መልስ በስሙ ጻፊለት።